ተለጣፊውን ሳይሆን ብረቱን አንብቡ፦ ለሰርኪታችሁ የሚመጥን ትራንስፎርመር ለመምረጥ ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ክረምት ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ዳቦ ቤት ያላት ደንበኛዬ አንድ ጥቁር ሣጥን በፌስታል ጠቅልላ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ፌስታሉን ሳልፈታው ሽታው ደረሰኝ፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ። እህቷ ከአሜሪካ የላከችላትን የ120 ቮልት የሊጥ ማቡኪያ በእኛ 220 ቮልት ለማሠራት የተገዛ ትራንስፎርመር ነው። ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ጨሰ። «ተለጣፊው 1000 ዋት ይላል እኮ! ማቡኪያው ደግሞ ከዚያ በታች ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ተለጣፊው እንዲያ ይላል። ሣጥኑን ከፍቼ ብረቱን በማስመሪያ ስለካው ግን 600 እንኳ በጭንቅ የሚሸከም ሆኖ አገኘሁት።

ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚመጡልኝ የተቃጠሉ ትራንስፎርመሮች ታሪካቸው ከዚህ ብዙም አይለይም። ባለቤቱ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሳያነብ፣ ሳያሰላና ሳይለካ ሱቅ ይሄዳል፤ ሱቅ ውስጥ የሚያነበው ደግሞ ተለጣፊውን ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳትዘሉ ተከተሉ። መመሪያው በቤትና በትንሽ ወርክሾፕ ለሚያገለግሉ ትራንስፎርመሮች ነው እንጂ ምሰሶ ላይ ለሚሰቀለው አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚከተሉትን አዘጋጁ፦ ቮልትና ኦም የሚለካ መልቲሜትር፣ ማስመሪያ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ክር ያለው የድሮው ዓይነት 100 ዋት አምፖል ከነማቀፊያው። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦውን ሳይቆርጥ አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ፣ የሚያውሳችሁ ባለሙያ ካለ ተዋሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ 220 ቮልት ይገድላል። ሽቦ የምትነኩት ከሶኬት ከነቀላችሁና ኃይል አለመኖሩን በመልቲሜትር ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ነው። «መብራት ስለሄደ ችግር የለውም» ብላችሁ የተሰካ ገመድ አትክፈቱ፤ መብራት ሲመለስ አያስጠነቅቅም።

ደረጃ 1፦ ትራንስፎርመር በእርግጥ ያስፈልጋል?

የዕቃውን የመረጃ ሰሌዳ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ወይም ከጀርባው ነው፤ ካልታያችሁ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ አጉሉት። «100-240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» የሚል ከሆነ እዚሁ ላይ አቁሙ። የሚያስፈልጋችሁ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። የስልክ ቻርጀር፣ ላፕቶፕና አብዛኛው አዲስ ቴሌቪዥን ከዚህ ወገን ናቸው። ለላፕቶፑ ብሎ ስምንት ኪሎ ብረት ከፒያሳ ተሸክሞ ወደ ቤቱ የወጣ ሰው አውቃለሁ።

አንዳንድ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይና የድሮ መሣሪያ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለው። ከመሰካታችሁ በፊት ወደ 230 አዙሩት። 115 ላይ እያለ በእኛ ሶኬት ከሰካችሁት አንድ ጊዜ ይፈነዳና ጉዳዩ ያልቃል።

ደረጃ 2፦ ከሰሌዳው ላይ አራት ነገር ጻፉ

1. ቮልት፦ 100፣ 110፣ 120፣ 127 ወይም ሌላ።
2. ሄርዝ፦ 50፣ 60 ወይም ሁለቱም።
3. አምፔር። አምፔር ካልተጻፈ ዋት። ሁለቱም ካሉ አምፔሩን እመኑ፤ ሞተር ላይ የሚጻፈው ዋት ወይም የፈረስ ጉልበት ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ የሚወጣው ኃይል ስለሆነ ከመስመር የሚስበውን አሳንሶ ያሳያል።
4. ውስጡ ምን እንዳለ፦ ማሞቂያ፣ ሞተር ወይስ ኤሌክትሮኒክስ? ሞተር ከሆነ ካርቦን (የሚዞረውን ክፍል እየነካ ኃይል የሚያስተላልፍ ጥቁር ቁራጭ) ያለው ነው ወይስ የሌለው?

ካርቦን ያለውን በቀላሉ ትለዩታላችሁ። ሲሠራ ይጮኻል፤ በአየር ማስገቢያው በኩል ብትመለከቱ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። የጁስ መፍጫና የእጅ መሰርሰሪያ እንዲህ ናቸው። የማቀዝቀዣ፣ የውሃ ፓምፕና የከባድ ማቡኪያ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ካርቦን የለውም፤ ድምፁም ዝግ ያለ ነው። ይህ ልዩነት ደረጃ 4 እና 5 ላይ ይፈለጋል።

ደረጃ 3፦ የራሳችሁን ሶኬት ለኩ

በወረቀት ላይ የሀገራችን መስመር 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። የእናንተን ቤት የሚያውቀው ግን መልቲሜትራችሁ ነው። ለሦስት ቀናት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለኩ፦ ንጋት 12 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል። በረመዳን የአፍጥር ሰዓት ሲቃረብ ወይም የበዓል ዋዜማ ላይ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ጨምሩ፤ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ አንድ ላይ የሚሰካው ያኔ ነው። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ቁጥር መዝግቡ።

ትራንስፎርመር ቮልትን ያካፍላል እንጂ አያስተካክልም። 220 ወደ 110 የሚቀይረው ዕቃ 190 ቢገባለት 95 ያወጣል፤ 240 ቢገባለት 120። ዝቅተኛው ቁጥራችሁ ከ200 በታች የሚወርድ ከሆነ ከትራንስፎርመሩ በፊት ቮልቱን የሚያስተካክል እስታቢላይዘር ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሶኬት፣ እስታቢላይዘር፣ ትራንስፎርመር፣ ዕቃ። የእስታቢላይዘሩም አቅም ከትራንስፎርመሩ ማነስ የለበትም።

ከሳዑዲ ለሚመጣ ዕቃ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ ለረጅም ዘመን ቤት ውስጥ ሲያገለግል የኖረው ቮልት 127፣ ሄርዙም 60 ነው። 127 የሚል ማሞቂያ በ110 ብትሰኩት አይበላሽም፤ ኃይሉ ግን ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ሻይ ማፍያው ይዘገያል እንጂ ያፈላል።

ደረጃ 4፦ ሄርዙን አትዝለሉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ሻጩም አይጠይቅም። ትራንስፎርመር ቮልት ይቀይራል፤ ሄርዝ አይቀይርም። 60 የሚል ዕቃ እኛ ዘንድ 50 ያገኛል።

ማሞቂያና ካርቦን ያለው ሞተር ግድ የላቸውም፤ እለፉ።

ካርቦን የሌለው ሞተር ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። በመስመሩ ሄርዝ የሚቆጥር ሰዓትም በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው። ሄርዙ ሲወርድ ቮልቱ ካልወረደ የሞተሩ ብረት ከልኩ በላይ መግነጢስ ይሸከማል፤ ሞተሩም ያለ ሥራ ይግላል። መፍትሔው ቮልቱንም በዚያው መጠን ማውረድ ነው፦

120 × 50 ÷ 60 = 100 ቮልት

ስለዚህ 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ለሚል ካርቦን የለሽ ሞተር የምትፈልጉት 110 ሳይሆን 100 ቮልት የሚያወጣ ትራንስፎርመር ነው። ሱቅ ውስጥ 100፣ 110 እና 120 መውጫ ያለው ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ካጣችሁ ሞተር ለሚጠቀልል ባለሙያ አስጠቅልሉ፤ አንድ ተጨማሪ መውጫ ማውጣት ለእሱ ትንሽ ሥራ ነው።

ትራንስፎርመሩ ራሱም ሰሌዳው ላይ 50 ሄርዝ ወይም 50/60 ይበል። 60 ብቻ የሚል ትራንስፎርመር እዚህ በተጻፈበት ቮልት ሲሰካ ምንም ሳይጫንበት ያጉረመርማል፣ ይግላል። በነጻ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ።

ደረጃ 5፦ አቅሙን አስሉ

የትራንስፎርመር አቅም የሚለካው በቮልት አምፔር ነው፤ ሰሌዳ ላይ «ቪኤ» ተብሎ የሚጻፈው። ሺው አንድ ኬቪኤ ነው። ስሌቱ ማባዛት ብቻ ነው፦ የዕቃው ቮልት ሲባዛ በዕቃው አምፔር። የዳቦ ቤቱ ማቡኪያ 120 ቮልት፣ 8 አምፔር ይላል፤ 120 × 8 = 960 ቪኤ።

960 ስላለ 1000 ይበቃል ማለት አይደለም። በዕቃው ዓይነት እንዲህ ጨምሩ።

ማሞቂያ ብቻ ከሆነ፦ ሩቡን ጨምሩ። 800 ቪኤ ከሆነ 1000 ግዙ።

ካርቦን ያለው ሞተር ከሆነ፦ በ1.5 አባዙ።

ካርቦን የሌለው ሞተር ከሆነ፦ በ2 አባዙ፤ ጭነት ተሸክሞ የሚነሣ ከሆነ፣ ለምሳሌ ማቀዝቀዣ ወይም ሊጥ የሞላበት ማቡኪያ፣ እስከ 3 ድረስ ሂዱ። እንዲህ ያለ ሞተር ሲነሣ ለአፍታ የሰሌዳውን አምፔር አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። ያን ጊዜ አቅመ ደካማ ትራንስፎርመር ቮልቱ ይወድቅበታል፤ ሞተሩ ሳይዞር እያጉረመረመ ይቆማል፤ ቆሞ ደግሞ ያንኑ አምፔር መሳቡን ይቀጥላል። ሁለቱ እየተጠባበቁ ይቃጠላሉ። ለማቡኪያው 960 × 2 = 1920 ሆነ፤ 2000 ቪኤ አዘዝኩ። ደንበኛዬ ሊጡን ማቡኪያው ከተነሣ በኋላ እንድትጨምር ነገርኳት፤ ባትስማማ ኖሮ 3000 ነበር።

ቀጥተኛ ኃይል የሚፈልግ ሰርኪት ከሆነ፦ ይህ ሬዲዮና አምፕሊፋየር ለሚሠሩ ወጣቶች ነው። 12 ቮልት፣ 1 አምፔር በሬጉሌተር (ቮልቱን በአንድ ልክ በሚያጸናው ክፍል) የሚያወጣ ሰርኪት ልትሠሩ ነው እንበል። ብዙዎች 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ትራንስፎርመር ይገዛሉ፤ ቀን ይሠራል፣ ማታ ያንጎራጉራል። ምክንያቱን ተመልከቱ። ሬጉሌተሩ ከ12 በላይ ቢያንስ 2.5 ቮልት ተጨማሪ ይፈልጋል፤ 14.5 መሆኑ ነው። ማታ መስመሩ 190 ሲሆን 12 ቮልቱ ወደ 10.3 ይወርዳል። ተለዋዋጩን ኃይል ቀጥተኛ ከሚያደርገው ከዳዮድ ድልድዩ በኋላ 10.3 × 1.41 ሲቀነስ 1.4 ወደ 13 ቮልት ይሰጣል፤ ከ14.5 አነሰ። 15 ቮልት ብትወስዱ ግን በ190 እንኳ ወደ 17 ቮልት ገደማ ታገኛላችሁ፤ በ4700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ላይ ከሚኖረው መዋዠቅ ወደ 2 ቮልት ብትቀንሱ እንኳ ለጥቂት ያልፋል። አምፔሩም እንደዚያው ነው፤ ካፓሲተሩ በአጭር በአጭር ጉርሻ ስለሚሞላ ትራንስፎርመሩ የሚሸከመው የውጤቱን 1.8 እጥፍ ያህል ነው። 15 × 1 × 1.8 = 27፤ 30 ቪኤ ግዙ። ቮልቱን ከዚህ በላይ አትጨምሩ፤ መስመሩ 240 ሲሆን ትርፉ ሁሉ ሬጉሌተሩ ላይ ሙቀት ይሆናል። በ15 ቮልትም ቢሆን ሬጉሌተሩ ላይ የሚታሰረውን የአሉሚኒየም ሙቀት ማስወገጃ አትርሱ።

ሦስት ፌዝ ከሆነ፦ ቮልት × አምፔር × 1.73። ኮምቦልቻ ላይ ስፌት የሚሠራ ወዳጄ 200 ቮልት፣ ሦስት ፌዝ፣ 6 አምፔር የሚል ማሽን ነበረው፤ 200 × 6 × 1.73 ወደ 2076 ቪኤ ይመጣል። ሞተር ስለሆነ በ2 ገደማ ተባዝቶ ከ380 ወደ 200 የሚያወርድ የ4 ኬቪኤ ባለ ሦስት ፌዝ ትራንስፎርመር ተገዛለት። «200 እና 220 ቅርብ ናቸው» ብላችሁ ባለ ሦስት ፌዝ ማሽን ከቤት ሶኬት ለመስካት እንዳትሞክሩ።

ደረጃ 6፦ ዓይነቱን ለዩ፤ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው መግቢያውና መውጫው በሁለት የተለያዩ ጥቅሎች የተሠራ ነው። ሁለተኛው አውቶትራንስፎርመር ይባላል፤ ጥቅሉ አንድ ነው፣ 110 የሚወጣው ከመሃሉ ነው። ቀለል ይላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሱቅ ውስጥ ከሚያጋጥማችሁ ባለ 110 ሣጥን ብዙው ይኸኛው ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አውቶትራንስፎርመር ዕቃውን ከመስመሩ አይለየውም። የእኛ ክብ ባለ ሁለት እግር ሶኬት በሁለቱም በኩል ይገባል፤ ገልብጣችሁ ከሰካችሁት የ110 መውጫው አንዱ ሽቦ ከመሬት አንጻር 220፣ ሌላው 110 ይሆናል። ጥቅሉ ውስጡ ቢቃጠል ወይም ቢበጠስ ደግሞ መውጫው ላይ 220 ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ አካሉ ብረት ለሆነ፣ ውሃ ለሚነካው ወይም እርጥብ እጅ ለሚይዘው ዕቃ ባለ ሁለት ጥቅሉን ግዙ፤ የትራንስፎርመሩን ብረትና የዕቃውን አካል ከመሬት መስመር ጋር አገናኙ። ማቡኪያ፣ ማቀዝቀዣና የሕክምና መሣሪያ ሁሉ እዚህ ይገባሉ። አውቶትራንስፎርመር ሙሉ በሙሉ በፕላስቲክ ለተሸፈነ ዕቃ ይሁን።

መለየቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ትራንስፎርመሩን ሳትሰኩ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉ፤ አንዱን ጫፍ የመግቢያ ገመዱ እግር ላይ፣ ሌላውን የመውጫው ቀዳዳ ላይ። በየትኛውም አቀያየር ጥቂት ኦም ካነበበ አውቶ ነው። በሁሉም ክፍት ካለ፣ ማለትም ምንም ካላነበበ፣ ባለ ሁለት ጥቅል ነው።

ደረጃ 7፦ ለከፍታና ለሙቀት ጥቂት ጨምሩ

የፋብሪካ ሰሌዳ በተለምዶ የሚጻፈው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አይወስድም። በአየር ለሚቀዘቅዝ ትራንስፎርመር ከ1000 በላይ ላለው ለየ100 ሜትሩ 0.3 በመቶ ቀንሱ፤ ለደሴ 4.5 በመቶ ይሆናል። ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ ስለሆነች 2.5 በመቶ ይበቃታል። የጦሳ ተራራ ነፋስ ለደሴ ይህን ያካክስላታል። ሐረጎን ወርዳችሁ ስትደርሱ ግን ኮምቦልቻ ሙቀቷ ሌላ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በበጋ ቀትር ላይ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለ ትራንስፎርመር ከደሴው የባሰ ይጨነቃል። በደረጃ 5 የጨመራችሁት ትርፍ ይህን ይሸፍነዋል፤ አየር ማስገቢያውን ግን አትድፈኑ።

ደረጃ 8፦ ሱቅ ውስጥ ብረቱን ለኩ

ማስመሪያችሁን አውጡ። ሻጩ ቢገረም ይገረም። ክዳኑን እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ውስጡ በስስ ላሜራ ተደራርቦ የተሠራ አራት ማዕዘን ብረት ታያላችሁ፤ ኮር የምንለው እሱ ነው። የትራንስፎርመሩን እውነተኛ አቅም የሚናገረው ይህ ብረት ነው።

1. የአንዱን ላሜራ ረጅም ጎን በሴንቲሜትር ለኩ፤ ለ3 አካፍሉት። ይህ ጥቅሉ የተጠመጠመበት የመሃል እግር ወርድ ነው።
2. የላሜራው ድርድር ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ለኩ።
3. ሁለቱን አባዙ።
4. ውጤቱን ለ1.15 አካፍሉ፣ ያገኛችሁትን በራሱ አባዙ። ይህ ለ50 ሄርዝ ግምታዊ ቪኤ ነው።
5. ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ አውቶትራንስፎርመር ከሆነ ያገኛችሁትን እጥፍ አድርጉ።

ያ የተቃጠለው ጥቁር ሣጥን ረጅም ጎኑ 12፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲሜትር ነበር። 12 ÷ 3 = 4፤ 4 × 5 = 20፤ 20 ÷ 1.15 = 17.4፤ 17.4 × 17.4 = 302። አውቶ ስለሆነ 600። 960 የሚስብ፣ ሲነሣ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚሆን ማቡኪያ ነበር የተጫነበት። ሃያ ደቂቃ መቆየቱም ያስመሰግነዋል።

በተቃራኒው እኔ ያዘዝኩት ባለ ሁለት ጥቅል 2000 ቪኤ ረጅም ጎኑ 19.2፣ ውፍረቱ 8 ሴንቲሜትር ነው፤ አስሉት፣ ወደ 2000 ይመጣል። ልጄ ብቻውን ሊያነሣው አልቻለም። ክብደት ጥሩ ምስክር ነው፤ 1000 ቪኤ ነኝ የሚል ባለ ሁለት ጥቅል በአንድ እጅ እንደ ዳቦ የሚነሣ ከሆነ ተጠራጠሩ። ይህ ስሌት እንደ ቀለበት ክብ ለሆነው ኮር አይሠራም፤ እሱ በተመሳሳይ አቅም ያንሳል፣ ይቀላል።

ሽቦውንም ተመልከቱ። ቀይ መስሎ የሚታይ ሁሉ መዳብ አይደለም፤ ቫርኒሹ ነው የሚያስመስለው። ከጫፉ በምላጭ ትንሽ ፈቅፍቁ፤ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ራሱ ነውር አይደለም፤ ሽቦው ካልወፈረ ግን ይሞቃል።

በመጨረሻም ኦም ለኩ። ትንሹ 30 ቪኤ በመግቢያው በኩል መቶ ኦም ገደማ ያነባል፤ 1500 ቪኤ ደግሞ ከአንድ ኦም አይበልጥም። ክፍት የሚል ጥቅል ተበጥሷል። ከጥቅል ወደ ኮሩ ብረት ስትለኩ ምንም ማንበብ የለበትም፤ ካነበበ አትግዙ።

ደረጃ 9፦ ፊውዝና ሽቦ

ለመግቢያው ፊውዝ ቪኤውን ለ220 አካፍሉ። 2000 ÷ 220 = 9.1፤ 10 አምፔር። ትራንስፎርመር ሲሰካ ለቅጽበት ከልኩ አሥር እጥፍ በላይ ሊስብ ስለሚችል ፊውዙ ቀስ ብሎ የሚቀልጠው ዓይነት ይሁን፤ ብሬከር ከሆነ ለሞተርና ለትራንስፎርመር የሚሆነውን ዓይነት ጠይቁ። ለመውጫውም የራሱን ብሬከር አድርጉ፤ የመግቢያው ብሬከር በመውጫው በኩል ያለውን ጭነት በደንብ አያየውም። ለ2000 ቪኤ በሁለቱም በኩል 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ተጠቀሙ። ፊውዙ ሲቃጠል በመዳብ ክር ወይም በሲጋራ ወረቀት የምትተኩ፣ ይህን መመሪያ ማንበባችሁ ከንቱ ድካም ነው።

ደረጃ 10፦ መጀመሪያ በአምፖል፣ ቀጥሎ በምጣድ

1. 100 ዋቱን አምፖል ከትራንስፎርመሩ መግቢያ ጋር በተከታታይ አገናኙ፤ ማለትም ኃይሉ በአምፖሉ አልፎ ወደ ትራንስፎርመሩ ይግባ። መውጫው ባዶ ይሁን።
2. ስኩት። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደኅና ነው። ለትልቅ ትራንስፎርመር ጥቂት ጭላንጭል ቢቀር ችግር የለውም። በሙሉ ብርሃኑ ከበራ ንቀሉ፤ ውስጡ ተገናኝቷል።
3. አምፖሉን አውጡና በቀጥታ ስኩት። የመውጫውን ቮልት ለኩ። ሳይጫን ከተጻፈው ትንሽ ከፍ ማለቱ ልክ ነው፤ 15 ቮልት የሚለው ትንሽ ትራንስፎርመር ባዶውን 17 ወይም 18 ቢያነብ አትመልሱት።
4. ለአንድ ሰዓት ባዶውን ተዉት። ንቀሉና ኮሩን ንኩት፤ ለብ ማለት አለበት እንጂ እጅ የሚያቃጥል መሆን የለበትም።
5. አሁን ጫኑት። ለዚህ ከኤሌክትሪክ ምጣድ የተሻለ መሞከሪያ አላገኘሁም። 220 ቮልት ላይ 3600 ዋት የሚስብ ምጣድ በ110 ሲሰካ ኃይሉ ሩብ ይሆናል፤ 900 ዋት፣ 8 አምፔር ገደማ። ምጣዱ አይጎዳም፣ እንጀራ ግን አይወጣለትም። ይህ ጭነት ከ1000 ቪኤ በላይ ለሆኑ ትራንስፎርመሮች ነው፤ ለትናንሾቹ የራሳቸውን ዕቃ ጫኑ። ለግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ በየአሥር ደቂቃው አሽትቱ፣ ቮልቱን አንብቡ። ከተጻፈው ከ5 በመቶ በላይ ከወረደ የሶኬቱንም ቮልት ለኩ፤ መስመሩ ካልወረደ ትራንስፎርመሩ ደክሟል።
6. ሁሉም ካለፈ ዕቃውን ስኩ። የመጀመሪያውን ቀን አጠገቡ ሁኑ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ሲሰካ ብሬከሩ ይወድቃል፣ እንደገና ሲሞከር ግን ይይዛል። የመነሻው ስበት ነው። ብሬከሩን በቀስታው ዓይነት ቀይሩ፤ አምፔሩን አታሳድጉ። በአምፖል ሙከራ ደኅና ሆኖ ሁልጊዜ የሚጥል ከሆነ የገመዱን ጫፎች ተመልከቱ።

ባዶውን ያጉረመርማል፣ ይግላልም። 60 ሄርዝ የሆነ ትራንስፎርመር ገዝታችኋል፣ ወይም 200 የሚለው መግቢያ ላይ 220 ሰክታችኋል። ሁለቱም ካልሆነ የላሜራዎቹ ብሎን ላልቷል፤ ነቅላችሁ አጥብቁ።

ሁለት መውጫ ጥቅሎችን ቀጥላችሁ ቮልቱ መደመር ሲገባው ዜሮ ሆነ። የአንዱን ጥቅል ሁለት ጫፎች አቀያይሩ። ሳትለኩ ጎን ለጎን ግን አታገናኙ፤ ተገላቢጦሽ ከሆኑ በሰከንዶች ውስጥ ይጨሳሉ።

ዕቃው ሲነሣ ብቻ መብራቱ ይደበዝዛል። መጀመሪያ ሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት ዕቃው ሲነሣ ለኩ። እዚያም ከወደቀ ጥፋቱ የትራንስፎርመሩ አይደለም፤ ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ ቀጥኗል ወይም መገናኛው ላልቷል። የዳቦ ቤቱ ማቡኪያም መጀመሪያ ሲነሣ እንዲህ ሆነ። ሶኬቱ ከ215 ወደ 180 ወረደ። ቆጣሪውና ሶኬቱ መካከል የነበረውን የ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በ4 ቀየርነውና ማቡኪያውን በትራንስፎርመሩ የ100 ቮልት መውጫ ላይ አሠራነው፤ ማቡኪያው ከአሜሪካው በአንድ ስድስተኛ ዘገምተኛ ነው፣ ሞተሩ ግን ከሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ እጅ ያስይዛል።

የቫርኒሽ ሽታ መጣ። ወዲያውኑ ንቀሉ። አዲስ ትራንስፎርመር በመጀመሪያው ቀን ጥቂት የቀለም ሽታ ቢያወጣ የተለመደ ነው፤ ከጭስ ጋር ከመጣ ግን አንድ ዙር ከሌላው ጋር ተገናኝቷል። እንደገና አትሰኩት፤ የሚጠቀልል ባለሙያ ዘንድ ውሰዱትና ከመጠቅለሉ በፊት ኮሩን አስለኩ፤ ብረቱ ለሥራችሁ ካነሰ በአዲስ መዳብ ቢጠቀለልም እንደገና ይቃጠላል።